አንድ ያደረግኋቸው ሁለቱ ሮምባውቶች

ክቡር ዳይሬክተራችን ዶክተር ኦዲሎን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ወንበር ለተሸከማችሁ፣ አበባ ለገዛችሁ፣ የአበባ ማስቀመጫ ፍለጋ ምድር ቤት ወርዳችሁ አቧራ ለብሳችሁ ለወጣችሁም ጭምር። በተለይ ሁለቱን ክፍሎች አመሰግናለሁ። የሆላንድኛው ክፍል የአይብ ኬክ አመጣ። የፈረንሳይኛው ክፍል የሩዝ ኬክ አመጣ። ገና ከበሩ ስገባ የማንን አስቀድማ ትቆርስ ይሆን እያላችሁ በዓይናችሁ ስትከተሉኝ ነበር። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የተካንኩበትን ዘዴ ተጠቅሜ ከሁለቱም እኩል ቆረስኩና አንዱንም ሳልቀምስ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

ያልቀመስኩት ግን ለዘዴ ብቻ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ባዚል ቅድም አጠገቡ ለተቀመጠው "ማዳም ሉትጋርትን ስንብቱ ሆዷን አባባት" ሲል ሰምቼዋለሁ። ባዚል ወንድሜ፣ ሆዴን ያባባው ስንብቱ አይደለም። ፍርሃት ነው።

ዶክተር ኦዲሎን ትናንት መተላለፊያው ላይ አግኝተውኝ "አጠር ያለ ይሁን፤ ምስጋናና ጥቂት ቀልድ ይበቃል" ብለውኝ ነበር። እሺ ብያለሁ። ምስጋናውን አቅርቤያለሁ፤ ቀልዱን አሁን አቀርባለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አልነገርኳቸውም። ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

እንግዲህ ቀልዱ። በቅርብ የተቀጠራችሁ ምናልባት እኔ በዚህ ቤት ምን ስሠራ እንደኖርኩ አታውቁም። ይህ ቤት የባለ ሁለት ቋንቋ አገራችንን ታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገብ ያዘጋጃል። በሆላንድኛ የኖረው ሰው በግራው በር ይገባል፣ በፈረንሳይኛ የኖረው በቀኙ። የቤተሰብ ስም ግን በር አይመርጥም። አንዱ ወንድም ለሥራ ወደ ፈረንሳይኛው ደቡብ ይወርዳል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ስሙ በአንድ ፊደል ተጽፎ በሁለት አፍ ይጠራል። የእኔ ጠረጴዛ ከሁለቱ በሮች መካከል፣ መተላለፊያው ላይ፣ ንፋሱ የሚገናኝበት ቦታ ነበር። ሁለቱም ወገን የሚጋራው ስም ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ እለያለሁ። አንዱ ብስክሌተኛ፣ ሌላው ጳጳስ፣ ሦስተኛዋ የቦይ መሐንዲስ፤ የሁሉም ስም አንድ።

ጳጳሱን ታስታውሳላችሁ? ገጹ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው የደረስንበት። ከሥሩ "በትሕትናቸው የሚታወቁ አባት" የሚል ጽሑፍ፣ ከላዩ ቁምጣ ለብሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ የፍጻሜውን መስመር በብስክሌት የሚያልፍ ጎረምሳ። እዚህ የተቀመጠችው ኽሪት ያን ቀን ከመሳቋ ብዛት ከወንበር ወድቃለች።

እኔ ራሴም እንደዚያው ነኝ። በግራው በር ስገባ ማዳም ደስካምፕስ ነኝ፤ በቀኙ ስገባ ማዳም ዴካን። ሰው ሲቆጣኝ ብቻ በሁለቱም እጠራለሁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ወደ ሮምባውት ልምጣ።

ፈገግ አላችሁ። ገባኝ። ከእናንተ መካከል ይህን ታሪክ ከእኔ ያልሰማ የለም። እያንዳንዳችሁ በተቀጠራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጬ አስተምሬያችኋለሁ። "ሁለት ካርድ ስላያችሁ ሁለት ሰው አለ ብላችሁ አትደምድሙ። ሮምባውትን አስታውሱ" እላችሁ ነበር።

ላላስታወሰ ልድገመው። በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከግራው በር አንድ ካርድ መጣልኝ፦ ኤሚል ሮምባውት፣ የዶርንቤክ ከተማ ሰው፣ የሸማኔዎች መዘምራን መሪ። ከቀኙ በርም አንድ ካርድ መጣ፦ ኤሚል ሮምቦ፣ እሱም የዶርንቤክ ሰው፣ ጋዜጠኛ፤ በጀርመኖች ወረራ ዘመን ለጀርመኖች የሚሠራ ጋዜጣ አዘጋጅ፤ ለጀርመን የግዳጅ ሥራ አንሄድም ብለው የተሸሸጉ ልጆችን ስም አሳልፎ የሰጠ። ከእነዚያ ልጆች ሦስቱ አልተመለሱም። በካርዶቹ ላይ የስሙ ፊደል አንድ ነው፤ ልዩነቱ አጠራሩ ላይ ብቻ ነው። ከተማው አንድ። የልደቱ ዓመት በአንዱ 1908፣ በሌላው "1908 ገደማ"።

እኔም "አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ሁለት ጊዜ መዝግበውታል" አልኩ። ካርዶቹን አጣብቄ አንድ ሕይወት ጻፍኩ። የያኔው አለቃችን ሙሴ ሄክቶር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሁሉም ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጎበዝ! አንዱን ሰው ሁለት አድርገን ከማተም አዳንሽን" አሉኝ። አንድ ሳጥን ቸኮላታ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው "የጋራ ስሞች ሊቅ" የተባልኩት።

ታዲያ ያ ሰው ያስደንቀኝ ነበር። እሑድ እሑድ ልጆችን ሲያዘምር የኖረ ሰው፣ በአዘቦት ቀን የእነዚያኑ ልጆች ታላላቅ ወንድሞች ስም ለጠላት እየጻፈ ሲሰጥ! ሰው እንዲህ ሁለት ፊት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው እያልኩ በየዓመቱ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ አወራሁት። ተመስጣችሁ ነበር የምትሰሙኝ። አንዳንዶቻችሁ ማስታወሻም ይዛችኋል።

ጓደኞቼ፣ ያ ትምህርት ሐሰት ነው። ሰዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በሌላው ጥፋት እንዲኮነን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ኽሪት፣ ተቀመጪ እባክሽ። ውሃ አልፈልግም። ከቆምኩ አይቀር ልጨርሰው።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዶርንቤክ ነው፤ ጸሐፊዋ አሊዳ ሮምባውት የተባሉ ሴት፣ የመዘምራኑ መሪ ልጅ። ደብዳቤው አጭር ነበር። "ክቡራን ሆይ፤ አባቴ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ጻፈ ትላላችሁ። አባቴ በፈረንሳይኛ ዳቦ ከመግዛት አልፎ አያውቅም ነበር። የምታወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው። እባካችሁ እንደገና እዩት" ይላል።

እንደገና ማየት ነበረብኝ አይደል? ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ። ደግሞስ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው እንዴት በፈረንሳይኛ ይጽፋል? ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ግን ቸኮላታውን በልቼዋለሁ። ሊቅ ተብያለሁ። ተሳስቻለሁ ብል ሙሴ ሄክቶር ምን ይሉኛል? ሁለቱ በሮችስ ምን ይሉኛል? እናም መልስ ጻፍኩ። ያንን መልስ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። "ክብርት ሆይ፤ መረጃችን ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የተገኘ ነው። ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ሁሉን ያውቃሉ ማለት አይቻልም። ኤል. ደስካምፕስ።"

አዎ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ቴምብር ለጥፌ ላክሁት፤ ረሳሁትም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ቤት ደግሞ ሁለቱ ተገናኙ። እኔ ያዝኩ፣ ወረቀቱም ያዘ፣ ሃያ ስምንት ዓመት።

የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር፣ ስሞቹን የሚለይልን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲገባ ምን ያህል እንዳማረርኩ ታውቃላችሁ። በሰባተኛው ቀን በሮምባውት ስም ላይ ቀይ ምልክት አደረገበት። "ምናልባት ሁለት ሰዎች" ይላል። ባዚል እየሳቀ መጣና "ማዳም፣ ማሽኑ ጠጥቷል መሰለኝ፤ የአንቺን ሮምባውት ሊነካ ነው" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። "አንድ ሰው ነው" የሚለውን ልጫን ጣቴን ዘረጋሁ።

ከቀዩ ምልክት ጋር ግን ሁለት ምስሎች ተያይዘው ነበር። አንደኛው የጋዜጣ ፎቶግራፍ ነው፤ በ1943 የፋሲካ ዕለት ብራሰልስ ውስጥ፣ የጀርመን መኮንኖች በተገኙበት የምሳ ግብዣ ላይ የተነሣ። ከሥሩ ኤሚል ሮምቦ ከግራ ሦስተኛው ይላል። ሁለተኛው የዶርንቤክ ደብር የዚያው ፋሲካ የቅዳሴ መርሐ ግብር ነው። የቀትሩን ቅዳሴ ኦርጋን የተጫወተው ኤሚል ሮምባውት ነው ይላል፤ ከጎኑም ቄሱ በእጃቸው "እንደ መልአክ ተጫወተ" ብለው ጽፈውበታል።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት ከተማ።

ጣቴ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ባዚል አሁንም እየሳቀ ነበር፤ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን ነበር ብትሉኝ፣ እግዜር ይይልኝ፣ "ሴትዮዋ ሞተው በሆነ" የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእኔ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሙሴ ሄክቶር ሞተዋል፣ ደብዳቤውን ማንም አያስታውሰውም፣ ጡረታዬ ዓመት ነው የቀረው።

ሴትዮዋ አልሞቱም። ስማቸው በስልክ ማውጫው ላይ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አነሣሁ፣ ዘጋሁ። አነሣሁ፣ ዘጋሁ። በመጨረሻ መደወሉን ትቼ በባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ የምለውን እለማመድ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ ቦታ ቀየረ፤ ለካ ጮክ ብዬ ነው የምለማመደው።

ቤታቸው ከተዘጋ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ በላይ ነው። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ሉትጋርት ደስካምፕስ እባላለሁ። ከብራሰልስ፣ ከሕይወት ታሪክ መዝገቡ ቤት ነው የመጣሁት።"

ሰንሰለቱ ተፈታ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ በእጃቸው ቢላዋ የያዙ። አትደንግጡ፤ መራራ ሰላጣ እየከተፉ ነበር። እኔ ግን ደንግጫለሁ።

"ጫማሽን አውልቂ፤ አሁን ነው የወለወልኩት" አሉኝ።

አወለቅሁ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እንደዚያ ሆኜ ነው ፊታቸው የቆምኩት።

"ቆይ ቆይ" አሉ አተኩረው እያዩኝ። "ኤል ነጥብ ደስካምፕስ? ያ ፈራሚው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ሴት ነሽ እንዴ?"

"ነኝ፣ ወይዘሪት።"

"ጉድ በል! እኔ እኮ ወንድ መስለሽኝ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሪዛም ሰውዬ ስራገም ኖርኩ። ማን ያውቃል፣ የሆነ ምስኪን ሪዛም ላይ ወርዶበት ይሆናል።"

ልስቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዱና ያንን ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

"አንብቢልኝ።"

"ወይዘሪት፣ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ..."

"ካወቅሽው ማንበቡ አይከብድሽም።"

አነበብኩ። "ልጆች ስለ ወላጆቻቸው" የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ።

"ቀጥዪ" አሉኝ። "እኔ ስንት ጊዜ የቀጠልኩ ይመስልሻል?"

ጨረስኩ። ከዚያም ለማለት የመጣሁትን አልኩ። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ያጣበቅኋቸው እኔ ነኝ፣ ደብዳቤዎ ትክክል ነበር አልኩ። እሳቸው ሰላጣውን መክተፍ ቀጠሉ።

"የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በአባቴ ስም ሊጠራ ነበር" አሉ በኋላ። "ታውቂያለሽ? ሰሌዳው ተሠርቶ መጥቶ ነበር። የአንቺ መጽሐፍ ሲወጣ አንዱ አንብቦ ለሌላው አሳየው። ሰሌዳውን በጨርቅ ጠቅልለው ሌሊትም ቀንም በማይባል ሰዓት አመጡልኝ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ዳቦ የምትገዛው በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር።"

"ይቅርታ ይደረግልኝ።"

"እሱን ተዪው። ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ስታፍ ልንገርሽ። መጀመሪያ እንደኔው ተቆጣ። ከዚያ ዝም አለ። አንድ ቀን 'አሊዳ፣ መጽሐፍ ነው እኮ፤ ዝም ብለው አይጽፉም። ምናልባት እኛ ሳናውቅ...' አለኝ። ሰማሽ? የገዛ አባቱን ጠረጠረው። ፎቶግራፉን ከግድግዳ አወረደው። ስታፍ የዛሬ አራት ዓመት ሞተ። አሁን ለስታፍ ማን ይነግረዋል? አንቺ ትነግሪዋለሽ?"

ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ካለ እጁን ያውጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ካልን፣ የብዕር ወለምታማ በምን ይታሻል?

ልሰናበት ስነሣ "በሚቀጥለው እትም መጨረሻ ላይ ማረሚያ እናወጣለን" አልኳቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"በዚያ በጉንዳን ፊደል? ማን ያነበዋል? አባቴን በአደባባይ ነው የገደላችሁት። ሰው በተሰበሰበበት ቁሚና በአፍሽ ተናገሪ። ስሙንም በትክክል ጥሪው። ሮምባውት ነው። ሮምቦ አይደለም።"

ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ከዚህ ሌላ የለኝም።

ዶክተር ኦዲሎን፣ ፊትዎ መቅላቱ ይታየኛል። እውነት ለመናገር እርስዎ አልበደሉኝም። ጉዳዩን ሳስረዳዎ "ማዳም፣ ድረ ገጹ ላይ በዝምታ እናስተካክለው፤ ጠበቆች ካልሰሙት ለቤቱም ይሻላል" አሉኝ። ለቤቱ አስበው ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ለቤቱ አስቤያለሁ፤ ያንን መልስ ያጻፈኝም ለቤቱ ማሰቤ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የቤቱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ሁላችሁም መስክሩልኝ። ሙሴ ሄክቶርም ቢሆኑ የሰጠኋቸውን አምነው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የታረመውን ጽሑፍ ለወይዘሪት አሊዳ በስልክ አነበብኩላቸው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባዚል አንብቦታል፣ ኽሪት አንብባዋለች፤ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቁኝ ስላነበባችሁልኝ ተባረኩ። እንግዲህ "ኤፕሪል 6 ቀን ተወለደ" ብዬ ገና መጀመሬ ነው።

"ስንት?" አሉኝ።

"ስድስት፣ ወይዘሪት።"

"ዘጠኝ ነው። ካርዱን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።"

እንደገና! አንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ! ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በዚያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"አይ አንቺ ሴትዮ!" አሉኝ። "አሁን አመንኩሽ። ተንኮለኛ አይደለሽም። የማታይ ነሽ እንጂ።"

በሕይወቴ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ግን አግኝቼ አላውቅም።

ቀዩን ምልክት ካየሁበት ቀን ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ አላስተኛ ብሎኛል፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ ነው። ሌላስ? በሠላሳ አንድ ዓመት ከአራት ሺህ በላይ ስም በእጄ አልፏል። ስንቱን አጣበቅሁ? የስንቱን ሚስት ለሌላው ዳርኩ? በዚህ ዓመት ስድስት መቶ አሥራ አንዱን ከልሼያለሁ። ሁለት ስህተት አገኘሁ፤ አንዱ የድልድይ ሠሪ ነው፣ ባልወለዳቸው አራት ልጆች አባት አድርጌዋለሁ። የቀሩትን አልጨረስኩም። ሰኞ ጠረጴዛዬ ይነሣል። እኔ አልኖርም። ለዚህ ነው የምፈራው።

ፕሮግራሙን ልሰድብ አልችልም፤ እኔ ያላየሁትን አይቷል። ግን እሱ "ምናልባት" ብሎ ነው የሚያቆመው። ከ"ምናልባት" በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሁለት ሰው አንድ ነው፣ ወይም አንዱ ሁለት ነው ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ቤተሰብ ካለው ስልክ ደውሉ። ሲቆጧችሁ አድምጡ። የተቆጣ ሰው ሁሉ ትክክል ነው አልልም፤ ግን ማንም ሰው ስለማያውቀው አባት ቴምብር ገዝቶ ደብዳቤ አይጽፍም።

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስኩ። ወይዘሪት አሊዳን ኑ ብያቸው ነበር። "የእናንተን ኬክ ልበላ ብዬ የባቡር ደረጃ አልወጣም" አሉኝ። ግን ካነበብሽው በኋላ ደውይልኝ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አልተኛም ብለዋል። ስለዚህ ላንብበው፦

"ሮምባውት፣ ኤሚል። የመዘምራን መሪና የኦርጋን ተጫዋች። ዶርንቤክ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1908 ተወለደ፤ በዚያው ከተማ ኖቬምበር 21 ቀን 1971 ሞተ። የሸማኔ ልጅ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሸማኔዎችን መዘምራን አቋቋመ፤ አርባ ሁለት ዓመት መራ። ለልጆች ሰባ መዝሙር ጽፏል። ለማንኛውም ጋዜጣ ጽፎ አያውቅም። በቀድሞው እትማችን ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ መቅረቡ የአዘጋጇ የሉትጋርት ደስካምፕስ ስህተት ነው።"

ዶክተር ኦዲሎን... ለምን ተነሡ? ይህን ያህል እንኳ ባያደርጉ...

እናንተም? ሁላችሁም?

እሺ። እሺ። ለእሱ ከሆነ ቁሙለት። አመሰግናለሁ።

ቆማችሁ ሳላችሁ ልመርቃችሁ። ከግራው በርም ከቀኙም የሚወጣው ሥራችሁ ለሰው የሚበጅ ይሁን። ብዕራችሁ ሲሳሳት የሚቆጣችሁ ሰው አይጥፋ፤ ሲቆጣችሁም የምታደምጡበት ልብ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ስማችሁን ቀና ብለው የሚጠሩት ይሁን። ጤና፣ ዕድሜ፣ ሰላም ያለው ቤት ይስጣችሁ። እኔን የተሸከማችሁትን ያህል እናንተንም የሚሸከማችሁ ባልንጀራ አያሳጣችሁ። እኔን ይቅር ለማለት የሚከብደው ካለም አልቀየመውም፤ ጊዜ ይውሰድበት።

ኬኩን ብሉ፤ ከሁለቱም። እኔ ወደ ዶርንቤክ ልደውል ነው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።